ለግቢ ጋን፣ የሲሚንቶ ቅርጽና ፏፏቴ ሲመርጡ

ባሕር ዳርም ይሁን ደብረ ማርቆስ፣ ለግቢ ማሳመሪያ የሚሸጥ ዕቃ ከፊት ሲታይ ሁሉም ያምራል። ጉዱ ያለው ከሥሩ ነውና ዋጋ ከመጠየቅዎ በፊት ያስገልብጡት።

ከሸክላው እንጀምር። ጋንና እንስራ ሜዳ ላይ በእንጨትና በኩበት ሲቃጠል ሙቀቱ እኩል አይዳረስም። በጣት አንጓ ያንኳኩት። ጥርት ያለ ድምፅ ካለው በስሏል፤ ድፍን ካለ ወይ አልበሰለም ወይ የማይታይ ስንጥቅ አለው። ያልበሰለው ክረምቱን ሙሉ ሲዘንብበት ይላላጣል። ጠላ ሲጠመቅበት የኖረ አሮጌ ጋን ለአበባ ከአዲሱ ይሻላል፤ ተፈትኗል፣ ዋጋውም ይረክሳል። አፉ ላይ የተሰነጠቀውን በሽቦ ማሰር ይቻላል። ስንጥቁ ከቂጡ የተነሣ ከሆነ ግን ይተዉት።

ለመብሳት ጋኑን ሌሊቱን ውሃ ውስጥ ያሳድሩና አሸዋ ላይ ይድፉት። በድሪል፣ የመዶሻ ምቱን አጥፍተው፣ 12 ሚሊ ሜትር የግድግዳ ፑንታ በቀስታ ያስገቡ፤ ውሃ ጠብ ጠብ ያድርጉበት። ብዙ ጋን የሚሰበረው ፑንታው ሊወጣ ሲል ሰው ስለሚጫነው ነው። ወርዱ 40 ሳንቲ ሜትር ለሆነ ሦስት ቀዳዳ ይበቃል። ቀዳዳውን በገል ከድነው ሁለት እጅ ቀይ አፈር፣ አንድ እጅ የበሰለ ፍግ፣ አንድ እጅ የወንዝ አሸዋ ቀላቅለው ይሙሉ። ዋልካ ብቻውን አይሆንም፤ ሲረጥብ ውሃ ይቋጥራል፣ ሲደርቅ ሥር ይበጥሳል።

የሲሚንቶ ቅርጽ ላይ ቀለም ብዙ ነገር ይደብቃል፤ ያልተቀባውን ያስመጡ። ውሃ ይርጩበትና ትንሽ ይጠብቁ። ገጹ ሲደርቅ ስንጥቁ እርጥብ መስመር ሆኖ ይቀራል። የአንበሳ ቅርጽ ከሆነ፣ ጭራውና ጆሮው አካባቢ የዝገት ነጠብጣብ ካለ ውስጡ ያለው ሽቦ ለላይኛው ገጽ ቀርቧል ማለት ነው፤ ዝገቱ እያበጠ ሲሚንቶውን ይፈነቅለዋል። አዲስ የሲሚንቶ አበባ መትከያ ከሆነ ደግሞ ውሃ እየሞሉና እየደፉ ጥቂት ቀናት ያቆዩት፤ ኖራው ሥር ያቃጥላል።

ዋልካ መሬት ላይ ከባድ ሐውልት እንዲሁ አይቆምም። አፈሩ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ አንበሳውም ወደ አንድ ጎን ይዘማል። 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ቆፍረው ዋልካውን ያውጡ፣ በጠጠር ሞልተው ይጠቅጥቁ፣ ከላይ ኮንክሪት አፍስሰው በውሃ ልክ ያስተካክሉ። የዝናብ ውሃ ከሥሩ እንዳይቋጠር ማፍሰሻ ይተዉለት።

ፏፏቴ ሲመርጡ የፓምፑን ካርቶን በጥንቃቄ ያንብቡ። ተጽፎ የሚያዩት ከፍተኛ ቁመት ውሃው መፍሰሱን የሚያቆምበት ነው። ውሃውን 1 ሜትር ማውጣት ከፈለጉ እስከ 2 ሜትር የሚለውን ይግዙ። የገንዳው ወርድ ውሃው ከሚወጣበት ቁመት እጥፍ ካልሆነ ነፋስ ውሃውን ውጭ ይረጨዋል፤ ገንዳው ሲጎድል ፓምፑ በደረቁ ይዞርና ይቃጠላል። ለጠባብ ግቢ ባለ ሦስት ደረጃ ፏፏቴ ትርፉ ድካም ነው፤ ከአፉ ውሃ የሚገነፍል አንድ ጋን ይበልጣል።

ሂሳብ ከመክፈልዎ በፊት ገንዳውን ሞልተው፣ የውሃውን ልክ በጠመኔ ምልክት አድርገው ያሳድሩት፤ በደንብ ጎድሎ ካደረ ያፈሳል። መብራት ጠፍቶ ፓምፑ ከቆመ በወባማ አካባቢ ውሃው የትንኝ መራቢያ ይሆናል፤ ሳምንት ሳይሞላው ደፍተው ግድግዳውን በብሩሽ ይፈግፍጉ።