ለፋይናንስ ሥራ በኢንተርኔት ስትዘጋጁ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ድሬዳዋ ውስጥ በአካውንቲንግ ወይም በኢኮኖሚክስ የተመረቀ ልጅ የሚማርበት አያጣም። ስልኩ ላይ ሁሉም አለ። ቪዲዮው፣ ኮርሱ፣ የቴሌግራም ቻናሉ ሞልቷል። ችግሩ አብዛኛው የተዘጋጀው ለንደን ወይም ኒውዮርክ ለሚቀጠር ሰው መሆኑ ነው። እዚሁ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ወይም ሳቢያን ሰፈር ያለ የባንክ ቅርንጫፍ ለሚቀጠር ሰው አይደለም። ጎበዝ ልጆች ወራት ሙሉ አጥንተው፣ ፈተና ላይ ስለ ገዛ አገራቸው ባንክ ሲጠየቁ ዝም ማለታቸው ከልቤ ያሳዝነኛል። ሊቀር የሚችል ነገር ነውና።

የአሜሪካውን ትምህርት እንዳለ መውሰድ

ካን አካዳሚ ላይ ያለው የፋይናንስ ትምህርት ነጻ ነው፤ ጥሩም ነው። ኢንቨስቶፔዲያ ለቃላት ፍቺ ይረዳል። የዛሬ መቶ ብር ከከርሞው መቶ ብር ለምን እንደሚበልጥ፣ የቦንድ ዋጋ ወለድ ሲጨምር ለምን እንደሚወርድ ለመረዳት እነዚህ ይበቃሉ። ይህ የትም አገር ያው ነው።

የሂሳብ አያያዝ ላይ ስትደርሱ ግን ቆም በሉ። አሜሪካ የራሷ ደንብ አላት። እኛ በአዋጅ ቁጥር 847/2006 አይኤፍአርኤስን፣ ማለትም ዓለም አቀፉን የሂሳብ ሪፖርት ስታንዳርድ ተቀብለናል። አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። መጨረሻ የገባው ዕቃ መጀመሪያ እንደወጣ የሚቆጥረው ሊፎ አሜሪካ ውስጥ ይፈቀዳል፤ በአይኤፍአርኤስ ክልክል ነው። ባንክ መግባት ለሚፈልግ ደግሞ ዋናው አይኤፍአርኤስ 9 ነው። ባንኩ ብድሩ እስኪበላሽ ሳይጠብቅ፣ ሊደርስ የሚችለውን ኪሳራ አስቀድሞ ገምቶ መጠባበቂያ እንዲይዝ የሚያስገድደው እሱ ነው። የስታንዳርዶቹን ጽሑፍ በአይኤፍአርኤስ ፋውንዴሽን ድረ ገጽ ላይ ተመዝግቦ በነጻ ማንበብ ይቻላል።

ያረጀ ፒዲኤፍ ላይ ማጥናት

ቴሌግራም ላይ «የባንክ ፈተና ጥያቄና መልስ» እየተባለ የሚዞረው ፋይል ብዙ ጊዜ ዘመኑ ያለፈበት ነው። ባለፉት ጥቂት ዓመታት የአገሪቱ የፋይናንስ ሕግ ተገለባብጧል። የባንክ ሥራ አዋጅ 592/2000 በ1360/2017 ተተክቷል፤ አዲሱ ለውጭ ባንኮች በር ከፍቷል። የብር ምንዛሪ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ ይወሰናል። የደመወዝ ግብርም ተቀይሯል። ከግብር ነጻ የሆነው የወር ደመወዝ 600 ብር ነው የሚል ፋይል ካገኛችሁ ዝጉት፤ በ1395/2017 ማሻሻያ 2,000 ብር ደርሷል።

ስለዚህ ፋይሉን ከመክፈታችሁ በፊት ዓመቱን እዩ። አዋጅና መመሪያውን ከብሔራዊ ባንክ ድረ ገጽ ራሳችሁ አውርዱ። ጓደኛ የላከው ማጠቃለያ ዋናውን አይተካም።

የባንኩን ዓመታዊ ሪፖርት ሳይከፍቱ ማመልከት

ከሁሉም የሚከፋው ስህተት ይህ ይመስለኛል። ባንኮች ዓመታዊ ሪፖርታቸውን ድረ ገጻቸው ላይ ያስቀምጣሉ። ነጻ ነው። ከሃያ የዩቲዩብ ቪዲዮ የሚበልጥ ትምህርት እዚያ ውስጥ አለ። ግን አመልካቾች የሚያነቡት «ስለ እኛ» የሚለውን ገጽ ብቻ ነው።

እንዲህ አድርጉ። ድሬ ውስጥ ቅርንጫፍ ካላቸው ባንኮች ሁለቱን ምረጡ። የሦስት ዓመት ሪፖርታቸውን አውርዱ። የሊቀመንበሩን መልእክትና ፎቶውን እለፉና በቀጥታ ወደ ሂሳብ መግለጫው ሂዱ። ተቀማጭ፣ ብድር፣ የወለድ ገቢ፣ ጠቅላላ ወጪ፣ የተከፈለ ካፒታል፤ እነዚህን በእጃችሁ ኤክሴል ላይ አስገቡ። ኮፒ አታድርጉ። ቁጥሩን ራሳችሁ ስትጽፉት ጥያቄ ይመጣላችኋል። ብድሩ ከተቀማጩ ስንት እጅ ነው? አንድ ብር ገቢ ለማግኘት ስንት ሳንቲም ያወጣሉ? አንደኛው ባንክ ከሌላው ለምን ተሻለ?

ከዚያ ከሂሳብ መግለጫው ጋር ወደተያያዙት ማብራሪያዎች ዝለቁ። ብድሩ በየዘርፉ ተከፋፍሎ የሚገኘው እዚያ ነው። ወጪ ንግድ ስንት ወሰደ? የአገር ውስጥ ንግድስ? ለድሬ ልጅ ይህ ባዕድ ነገር አይደለም። የጅቡቲ መስመር፣ ጫቱ፣ ነጻ የንግድ ቀጣናው፣ ሁሉም እነዚያ ሠንጠረዦች ውስጥ በአንድም በሌላም መንገድ አለ።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ የባንኮቹ የበጀት ዓመት የሚዘጋው በፈረንጆቹ ጁን 30፣ በእኛ ሰኔ 23 ነው። ዓመተ ምህረቱን ካምታታችሁ ንጽጽሩ ሁሉ ይበላሻል። ሁለተኛ፣ ብሔራዊ ባንክ ባንኮች የተከፈለ ካፒታላቸውን (ባለአክሲዮኖች ከፍለው ያዋጡትን ገንዘብ) እስከ ሰኔ 2018 መጨረሻ 5 ቢሊዮን ብር እንዲያደርሱ አዝዞ ነበር። የመረጣችሁት ባንክ በየዓመቱ እዚያ ቁጥር ላይ እንዴት እንደተጠጋ ተከታተሉ። «ለምን እኛን መረጥክ?» ሲሏችሁ፣ «ስመ ጥር ባንክ ስለሆናችሁ» ከማለት ይህን መናገር ይሻላል።

ከወለድ ነጻውን መዝለል

የሌላ ከተማ ልጅ ቢዘለው ይቅር ሊባል ይችላል። ድሬዳዋና ሐረር ላይ ግን አይሆንም። ቀፊራ ገበያ ያለ ነጋዴ «ወለድ አልነካም» ብሎ ሲመጣ መስኮቱ ላይ የምትቀመጡት እናንተ ናችሁ። ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነጻ የሆነ ባንክ እንዲቋቋም በ2011 ተፈቅዶ፣ ዘምዘም ባንክ በ2013 ሥራ ጀምሯል። ሌሎችም ተከትለዋል። መደበኛ ባንኮችም ከወለድ ነጻ አገልግሎት ይሰጣሉ።

እንግሊዝኛዎቹ ነጻ ኮርሶች ይህን ክፍል ብዙም አይነኩትም። ራሳችሁ ፈልጉት። ሙራባሃ ላይ ባንኩ ዕቃውን ገዝቶ፣ ትርፉን በግልጽ ነግሮ ለደንበኛው በዱቤ ይሸጣል። ሙዳራባ አንዱ ገንዘብ፣ ሌላው ጉልበትና ዕውቀት የሚያዋጣበት ነው። ሙሻረካ ሁለቱም ካፒታል ያዋጡበታል። ኢጃራ ኪራይ ነው። ልዩነቱን በምሳሌ ማስረዳት ካልቻላችሁ ገና ናችሁ። የሸሪዓና የሂሳብ መስፈርቶችን የሚያወጣው፣ ባህሬን የተቀመጠው አዮፊ የሚባል ተቋም አለ። የራሱ የሙያ ፈተናዎችም ስላሉት ድረ ገጹን ማየት ይጠቅማል።

ለስሙ ብሎ ኤሲሲኤ ወይም ሲኤፍኤ መጀመር

ሁለቱም ዓለም አቀፍ የሙያ ማረጋገጫዎች ናቸው፤ ሁለቱም ከባድ፣ ሁለቱም በውጭ ምንዛሪ የሚከፈልባቸው ናቸው። ኤሲሲኤ 13 ፈተና አለው፤ በተጨማሪ የ3 ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል። ሂሳብና ኦዲት ለሚወድ ሰው ነው። ሲኤፍኤ 3 ደረጃ አለው፤ ለእያንዳንዱ 300 ሰዓት ገደማ ጥናት ይመከራል፤ ለመመዝገብም ፓስፖርት ያስፈልጋል። እሱ ለኢንቨስትመንት ትንተና ነው። ቅርንጫፍ ውስጥ ብድር ላይ መሥራት የሚፈልግ ሰው በሲኤፍኤ መጀመሩ አይታየኝም።

የአካውንቲንግ ምሩቅ ከሆናችሁ ዲግሪያችሁ ከኤሲሲኤ የትኞቹን ፈተናዎች እንደሚያስቀርላችሁ የድርጅቱ ድረ ገጽ ላይ በነጻ ማየት ይቻላል። ብር ከማውጣታችሁ በፊት እሱን እዩ። ነጻ የወጣችሁበት ፈተናም ክፍያ እንዳለው እወቁ።

ካፒታል ገበያው የሚስባችሁ ከሆነ የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር አስዋት ዳሞዳራን የኩባንያ ዋጋ ግመታ ኮርሱን ከነመረጃው በነጻ ለቅቆታል። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ በጥር 2017 ሥራ ሲጀምር መጀመሪያ የተመዘገበው ወጋገን ባንክ ነው። የፕሮፌሰሩን ዘዴ ተምራችሁ በወጋገን ሪፖርት ላይ ሞክሩት።

ትሬዲንግ ሲግናልን የፋይናንስ ሙያ ማድረግ

ካፌ ተቀምጦ የፎሬክስ ሲግናል፣ ማለትም የውጭ ምንዛሪ «አሁን ግዙ፣ አሁን ሽጡ» የሚል ጥቆማ መከተል ለባንክም ሆነ ለኦዲት ሥራ አያዘጋጅም። ገንዘባችሁን ግን ሊወስድ ይችላል። በአዋጅ ቁጥር 1248/2013 መሠረት የካፒታል ገበያ አገልግሎት የሚሰጥ ሰው ከካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። «ኢንቨስት አድርጉ፣ እኔ ላሳድግላችሁ» የሚል ሲመጣ ፈቃዱን ጠይቁ። ከባለሥልጣኑ ድረ ገጽ ጋርም አስተያዩት።

የሥራ ማስታወቂያም እንዲሁ። «ዜሮ ዓመት ልምድ፣ ድሬዳዋ» የሚል ማስታወቂያ ቴሌግራም ላይ ስታዩ፣ ከማመልከታችሁ በፊት የባንኩ የራሱ ድረ ገጽ ላይ መኖሩን አረጋግጡ። ለመመዝገቢያ በቴሌብር ብር ላኩ ካሏችሁ አትላኩ፤ የመታወቂያችሁን ፎቶም አትስጡ። ቻናሉን ሪፖርት አድርጉና፣ አብረዋችሁ ለተመረቁት ወዲያው ንገሯቸው። እነሱም ያንኑ ማስታወቂያ እያዩ ነው።