ለብሔራዊ ፓርኮች ገቢ የሚያስገኝ የመታሰቢያ ሜዳሊያ፦ የሕግ ሐሳቡ እንዴት ይዘጋጃል?

በ1970 ዓ.ም. ዋልያ የተቀረጸበት የ600 ብር የወርቅ መታሰቢያ ሳንቲም በአገራችን ወጥቶ ነበር። ዛሬ ዋልያው ራሱ እየተመናመነ ነው። ሜዳሊያ ሸጦ ለፓርኮች ገንዘብ ማሰባሰብ ይቻላል፤ ሥራው የሚጀምረው ግን ከሕጉ ነው።

መጀመሪያ ሳንቲም ወይስ ሜዳሊያ የሚለውን ይወስኑ። ሳንቲም ገንዘብ ነው፤ ገንዘብ የማውጣት ሥልጣን ደግሞ የብሔራዊ ባንክ ብቻ ነው። ሜዳሊያ መገበያያ ስላልሆነ መንገዱ ይቀላል። የብር መጠን ግን አይጻፍበት።

ቀጥሎ አራት ኪሎ ብርሃንና ሰላም ከሚታተመው ነጋሪት ጋዜጣ አንድ አጭር አዋጅ አግኝተው አደረጃጀቱን ያጥኑ፦ መግቢያ፣ አጭር ርዕስ፣ ትርጓሜ፣ ከዚያ ዋናዎቹ አንቀጾች። መግቢያውን ስለ ተራሮቹ ውበት በመተረክ አያርዝሙት፤ ሁለት ሦስት አረፍተ ነገር ይበቃል።

ድካምዎን ሁሉ የገንዘቡ አንቀጽ ላይ ያውሉት። በአሜሪካ የፓርኮች አገልግሎት 100ኛ ዓመት በ2016 እ.ኤ.አ. ሲከበር ሕጉ በእያንዳንዱ የወርቅ ሳንቲም ላይ 35 ዶላር፣ ከብር ማዕድን በተሠራው ሳንቲም 10፣ በግማሽ ዶላሩ ሳንቲም 5 ዶላር ተጨማሪ ክፍያ ጥሎ፣ ገንዘቡ ለማን እንደሚደርስ በስም ጠቅሷል። የሚመረተውን ብዛት ወስኖ፣ መንግሥት የማምረቻ ወጪውን ሳይመልስ ክፍያ እንዳይፈጸምም ከልክሏል። እኛም ከዚህ መማር አለብን። «ከትርፉ ይህን ያህል በመቶ» ብለው አይጻፉ፤ ትርፍ በወጪ ተበልቶ ሊያልቅ ይችላል። ከእያንዳንዱ ሜዳሊያ የሚገኘው ድርሻ የታወቀ ይሁን። የመንግሥት ገቢ በደንቡ ወደ ተጠቃለለው ፈንድ፣ ማለትም ወደ መንግሥት የጋራ ካዝና፣ ስለሚገባ፣ የተለየ ሒሳብ ካልተፈቀደ ብሩ ፓርኩ አይደርስም። እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈው ነበር፦ «ከእያንዳንዱ ሜዳሊያ የሚሰበሰበው ተጨማሪ ክፍያ በልዩ ሒሳብ ተቀምጦ ለብሔራዊ ፓርኮች ጥበቃ ብቻ ይውላል፤ ሒሳቡም በዋናው ኦዲተር ይመረመራል።» ብርድ ላይ ለሚያድሩት የፓርክ ጠባቂዎች (ስካውቶች) ልብስና ጫማም በዝርዝሩ ይግባ።

ለሜዳሊያው ሥዕል ቀይ ቀበሮን እመርጣለሁ። ዋልያ የሚሉም አሉ፤ አራት ኪሎ ሳይንስ ፋኩልቲ ያለውን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም አይቶ መወሰን ነው።

ረቂቁን ለዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣንና ለምርጫ ክልልዎ ተወካይ ያቅርቡ። አብዛኛው ረቂቅ በሚኒስትሮች ምክር ቤት በኩል ነው ወደ ተወካዮች ምክር ቤት የሚመጣው። ከዚያ ወደ ቋሚ ኮሚቴ ይመራል። ኮሚቴው የሕዝብ መድረክ ከጠራ ሥራ ትተውም ቢሆን ይገኙ፤ አንቀጽ የሚስተካከለው እዚያ ነው። ምልዓተ ጉባኤው ከአባላቱ ከግማሽ በላይ ሲሆን፣ ውሳኔው በተገኙት አብላጫ ድምፅ ያልፋል። ፕሬዚዳንቱ በ15 ቀን ካልፈረሙ ሕጉ ያለ ፊርማ ይጸናል።

ነጋሪት ጋዜጣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ይወጣል፤ ሁለቱ ቢለያዩ የሚጸናው አማርኛው ነው። ስለዚህ «ብቻ» የምትለዋ ቃል በአማርኛው ረቂቅ ውስጥ መኖሯን ከድምፁ በፊት ያረጋግጡ።