ባህር ዳርቻ ለቫኬሽን ስትሄዱ ፍላይ ፊሺንግ መሞከር ካማራችሁ

ፍላይ ፊሺንግ ማለት ፍላይ በሚባል፣ ላባና ጸጉር ምናምን ታስሮበት የዓሣ ምግብ በሚመስል መንጠቆ ዓሣ ማጥመድ ነው። ከሁሉም በፊት ከቤተሰብ ጋር ተስማሙ፣ ይሄ ከዘንጉም ከመንጠቆውም ይቀድማል። ቫኬሽኑ የሁሉም ነው፣ እኔ ቀኑን ሙሉ ውሃ ውስጥ ቆሜ እውላለሁ ማለት ጠብ መጥራት ነው። ደግነቱ ጥሩው ሰዓት ገና ጎህ ሲቀድ ነው፣ ዋናተኛ የለም፣ ነፋሱም ብዙ ጊዜ አልተነሳም፣ ዓሣውም ሳይረበሽ ወደ ዳር ይጠጋል፣ ልጆቹ ለቁርስ ሲነሱ ተመልሳችኋል። ደሞ ፍላይ ስትወረውሩ መንጠቆው መጀመሪያ ወደ ኋላችሁ 10 ሜትር ምናምን ነው የሚሄደው፣ ሰው በሞላበት ዳርቻ ይሄን መሞከር በቃ እብደት ነው።

ዕቃ ላይ አትጨናነቁ። ለወንዝ የሚያዘው 5 ቁጥር ዘንግ (ቁጥሩ ሲጨምር ዘንጉ ለከበደ ክርና ፍላይ ይሆናል) ነፋስና ከባድ ፍላይ ሲመጣበት ይደክማል፣ ለጀማሪ 8 ቁጥር፣ ርዝመቱ 9 ጫማ የሆነ፣ አራት ቦታ ተነቃቅሎ ሻንጣ ውስጥ የሚገባ ዘንግ ይበቃል። ከሰው መዋስ ወይም መከራየት ከቻላችሁ ደግሞ ለምን ትገዛላችሁ፣ ላትወዱት ትችላላችሁ እኮ። ሪሉ (ክሩ የሚጠቀለልበት) ግን ጨው የማይበላውና ፍሬኑ ውሃ እንዳይገባበት የታሸገ ይሁን፣ ከዋናው ክር ስርም 150 ሜትር ገደማ ባኪንግ የሚሉት ቀጭን መጠባበቂያ ክር ይኑረው ምክንያቱም የባህር ዓሣ ሲሮጥ እንደ ወንዙ አይደለም። ክሩ ሞቃት ቦታ ከሆነ የምትሄዱት ለሙቀት የተሰራ ይሁን፣ የቀዝቃዛ ውሃው ክር ሙቀት ላይ ይልፈሰፈስና አልወረወር ይላል። ማዕበል በሚመታው ዳርቻ ላይ ደግሞ ቀስ ብሎ የሚሰምጠው ኢንተርሚዲየት የሚሉት ይሻላል፣ ተንሳፋፊውን ሞገዱ ወዲያ ወዲህ ያላጋዋል። ሊደሩ (ዋናውን ክር ከፍላዩ ጋር የሚያገናኘው ቀጭን ክር) 9 ጫማ፣ ጫፉ ከ12 እስከ 16 ፓውንድ የሚችል ፍሎሮካርቦን የሚባለው የፕላስቲክ ክር ቢሆን ጥሩ ነው።

ፍላይ ብዙ አትሰብስቡ፣ ክላውዘር ሚኖው የሚባለውን በነጭና በአረንጓዴ-ቢጫ ያዙ፣ ከባድ ዓይን ስላለው ቶሎ ይሰምጣል፣ መንጠቆውም ወደ ላይ ስለሚዞር አሸዋውን አያርስም። ሌፍቲስ ዲሲቨር የሚባለውን፣ ትንሽ ዓሣ የሚመስለውን ፍላይ ከጨመራችሁበት ትናንሽ ዓሣ የሚበላ ዓሣ ላለበት ቦታ ሁሉ ይሆናል። የመንጠቆውን ጥርስ (ጫፉ አጠገብ ወደ ኋላ የዞረውን ሹል) በፒንሳ ጨፍልቁት፣ ዓሣውን ለመልቀቅም ጆሯችሁ ላይ ከተሰካ ለማውጣትም ይቀላል (ጆሮ ያልኩት ለቀልድ አይደለም)።

እንደኔ እንደኔ ዋናው ነገር ከመሄዳችሁ በፊት ያለው ልምምድ ነው። ሳር ሜዳ ውጡ፣ በመንጠቆ ፋንታ የክር ቁራጭ እሰሩ፣ ነፋስ ያለበትን ቀን መርጣችሁ ተለማመዱ፣ ጸጥ ባለ ቀን ብቻ የለመደ ሰው ባህር ዳር ግራ ይገባዋል። በቀኝ እጅ የምትወረውሩ ከሆነ ከቀኝ የሚመጣ ነፋስ መንጠቆውን ወደ ራሳችሁ ይገፋዋል፣ ያኔ ጀርባችሁን ለባህሩ ሰጥታችሁ በኋላ ውርወራው ክሩን ወደ ባህር መልቀቅ ነው። 12 ወይም 15 ሜትር በደንብ ከወረወራችሁ ይበቃል፣ 30 ሜትር የሚወረውሩትን ቪዲዮ ላይ እያያችሁ ተስፋ አትቁረጡ።

ሌላው የወንዝ ልማድ ያለበትን ሰው ሁሉ የሚያስቸግረው ዓሣው ሲነክስ ዘንጉን ወደ ላይ ማንሳት ነው። እዚህ አይሰራም፣ ፍላዩን ከአፉ ነጥቃችሁ ትወስዱበታላችሁ። ዘንጉ ወደ ውሃው እንደተቀሰረ ይቆይ፣ በሌላኛው እጃችሁ ክሩን እየሳባችሁ ስትመጡ ክብደት ሲሰማችሁ ረዘም አድርጋችሁ አጥብቃችሁ ሳቡ፣ መንጠቆው ሲገባ ነው ዘንጉ የሚነሳው። ሜዳ ላይ አንድ ሰው ክሩን ይዞ ያስለምዳችሁ፣ ልጆች ይሄን ስራ በጣም ነው የሚወዱት፣ ዓሣ መሆን ምን ያስጠላል።

ከዛ የምትሄዱበትን ቦታ የሙላትና የጉድለት ሰንጠረዥ እዩ። በአብዛኛው ቦታ ባህሩ በቀን ሁለቴ ይሞላል ሁለቴ ይጎድላል፣ ሰዓቱም በየቀኑ 50 ደቂቃ ገደማ ይዘገያል፣ ስለዚህ ሰኞ ጥሩ የነበረው ሰዓት ዓርብ ላይ ሌላ ነው። ባህሩ ሲጎድል ከቤተሰብ ጋር በእግር ስትንሸራሸሩ ጉድጓዱን፣ ቦዩንና የአሸዋ ጉብታውን ፎቶ አንሱ፣ ውሃው መሙላት ሲጀምር ዓሣው የሚሄደው በዛው ነው። ብዙ ጊዜ ዓሣው ከዳሩ ጥቂት ሜትር ላይ ስለሆነ ከመግባታችሁ በፊት ደረቁ ላይ ቆማችሁ ወርውሩ። ፖላራይዝድ መነጽር ከሌላችሁ ግን የውሃው ነጸብራቅ ምንም አያሳያችሁም፣ ለዓይን መከላከያም እሱ ነው።

ስትገቡ ጫማ አድርጉ፣ እግራችሁን ሳታነሱ አሸዋው ላይ እየጎተታችሁ ሂዱ፣ አሸዋ ውስጥ የተቀበረ ስቲንግሬይ የሚባል ጠፍጣፋ ዓሣ ካለ ሰምቶ ይሸሻል፣ ከረገጣችሁት ግን ጅራቱ ላይ መርዛማ እሾህ አለው። ከጉልበት በላይ መግባት ለመጀመሪያ ጊዜ አያስፈልግም። ነጎድጓድ ከሰማችሁ ወዲያው ውጡ፣ የካርቦን ዘንግ ለመብረቅ ያጋልጣል፣ ረጅም ነው፣ ኤሌክትሪክም ያስተላልፋል። የማጥመጃ ፈቃዱን፣ የትኛው ዓሣ እንደሚለቀቅም ቀድማችሁ አጣሩ፣ ህጉ በየቦታው ይለያያል።

ከውሃ ስትወጡ ዘንጉንም ሪሉንም በንጹህ ውሃ እጠቡ፣ በኃይለኛ ግፊት ግን አይደለም፣ ጨውን ወደ ውስጥ ይገፋዋል። የተጠቀማችሁበትን ፍላይ ሳይታጠብና ሳይደርቅ ወደ ሳጥኑ አትመልሱት፣ አንዱ ብቻ ያልተነኩትን ሁሉ ያዝግባቸዋል።