ከካሜራ ጀርባ ለመሥራት ስትነሱ፦ ሐዋሳ ላይ የሚደጋገሙ ስህተቶች

ሐዋሳ ውስጥ «ፊልም እሠራለሁ» የሚል ወጣት ሞልቷል። «ምንድን ነው የምትሠራው?» ሲባል ግን የብዙዎቹ መልስ አንድ ነው፤ ዳይሬክተር። የመጀመሪያው ስህተት ይኼ ነው። አንድ ቀረጻ ዳይሬክተሩ አንድ ሰው ነው። ድምፅ የሚቀዳ፣ መብራት የሚያቆም፣ አልባሳት የሚይዝ፣ ተዋናዩ ትናንት ሰዓቱን በየትኛው እጁ እንዳሰረ የሚመዘግብ ሰው ግን ሁሌም ይፈለጋል። አንዱን ያዙና በእሱ ታወቁ። «ሁሉንም እሞክራለሁ» የሚልን ሰው ለየትኛው ሥራ ይደውሉለት?

ቀጥሎ ድምፅን መናቅ አለ። ብሩ ካሜራና ሌንስ ላይ ያልቅና ንግግሩ ካሜራው ላይ ባለው ማይክ ይቀዳል። እስቲ አሞራ ገደል ላይ ሞክሩት። የዓሣ ገበያው ጫጫታ፣ ባጃጁ፣ ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ ተደራርቦ ተዋናዩ ምን እንዳለ አይለይም። ቡሙን፣ ማለትም ማይኩ የሚታሰርበትን ረጅም ዘንግ፣ ምስሉ ውስጥ ሳይገባ የቻላችሁትን ያህል ወደ ተናጋሪው አቅርቡ። ማይኩን ፀጉራሙን የነፋስ መከላከያ አልብሱት። ትዕይንቱ ሲያልቅ ሁሉንም ሰው ዝም አሰኙና የቦታውን ድምፅ ብቻ ለ30 ሰከንድ ያህል ቅዱ፤ ኤዲተሩ ንግግር የተቆረጠበትን ቦታ የሚደብቀው በዚያ ነው። በእኔ አስተያየት ለጀማሪ ቶሎ እንጀራ የሚሆነው ድምፅ ነው። ካሜራ ለመያዝ የሚጋፋው ሁሉ ቡም ለመያዝ አይጋፋማ!

የካሜራን ሴቲንግ እንደተገዛ መተውም አለ። የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ነው፤ ኤሌክትሪኩ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል ማለት ነው። በሰከንድ 30 ፍሬም (ምስል) እና በ1/60 ሹተር (እያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚቀበልበት የሰከንድ ክፍልፋይ) ቤት ውስጥ ከቀረጻችሁ አንዳንዱ አምፖል ምስሉ ላይ ይርገበገባል። 25 ፍሬም፣ 1/50 አድርጉት።

ሚሞሪ ካርድ ደግሞ ሁለት የተለያዩ ሃርድ ዲስኮች ላይ ሳይገለበጥና ፋይሉ ተከፍቶ ሳይታይ አይሰረዝም። በዚህ ላይ ድርድር የለም።

«አዲስ አበባ ካልገባሁ አይሆንልኝም» ማለትስ? መሄዱ ክፉ አይደለም። ግን ሐይቁን ፈልገው ወደ እኛ የሚመጡ የቀረጻ ቡድኖችም አሉ። የትኛው ዳርቻ ላይ ጠዋት ፀሐይ በየት በኩል እንደምትመጣ፣ ጀልባ በስንት እንደሚገኝ፣ ታቦር ተራራ ላይ ጄኔሬተሩ እስከ የት እንደሚወጣ፣ የፈቃድ ደብዳቤ ለማን እንደሚጻፍ የሚያውቅ ልጅ ለእነሱ ወርቅ ነው። ሰርጉንም አትናቁ። ሙሽራ ድጋሚ ግቢ አይባልም፤ ፍጥነት የሚለመደው እዚያ ነው። ድሮን ግን ያለ ፈቃድ አታስነሱ፤ ዕቃውም ሊወረስ፣ እናንተም ልትጠየቁ ትችላላችሁ።

የመጨረሻው የገንዘብ ጉዳይ ነው። «ፊልሙ ሲሸጥ እከፍላችኋለሁ» ተብሎ በቃል የሚጀመር ሥራ ስንቱን አኳርፏል! አንድ ገጽ ወረቀት ይበቃል፤ የቀን ክፍያ፣ ስንት ቀን፣ ምግብና ትራንስፖርት በማን፣ ስማችሁ መጨረሻ ላይ በምን ሙያ እንደሚጻፍ። አንድ መስመር ጨምሩበት። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ተቀጥራችሁ ወይም ታዛችሁ የሠራችሁት ሥራ፣ በውል ሌላ ነገር ካልተባለ፣ የአሠሪው ነው። ስለዚህ ለሌላ ቀጣሪ የምታሳዩትን አጭር ቅንጭብ እንድትጠቀሙ መፈቀዱን ከቀረጻው በፊት አስጽፉት።