መኪና የሚሆነው ሮቦት ሲላላ፣ ሲጠብቅና ሲሰበር

ደሴ ላይ ሬዲዮና ሰዓት በምጠግንባት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ዒድ ወይም ገና ባለፈ በሁለት ሳምንት የልጆች መጫወቻ መከማቸት ይጀምራል። ከሁሉም የሚበዛው ሲታጠፍ መኪና፣ ሲዘረጋ ሰው መሳይ የሚሆነው ሮቦት ነው። ወላጆች ሲያስረክቡኝ ብዙውን ጊዜ «ልጁ ሰበረው» ይሉኛል፤ ከፍቼ ስመለከተው ግን ጥፋቱን ከልጁ ይልቅ በመገጣጠሚያው አሠራር ላይ አገኘዋለሁ።

ይህ ዓይነት መጫወቻ በዓለም ዙሪያ የታወቀው፣ ታካራ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ይሠራቸው የነበሩትን ተለዋዋጭ ሮቦቶች የአሜሪካው ሃስብሮ እ.ኤ.አ. በ1984 «ትራንስፎርመርስ» ብሎ ለገበያ ካቀረበ በኋላ ነው። ከመጀመሪያዎቹ ብዙዎቹ ከዚንክ ቅይጥ የተቀረጸ ክፍልና የብረት ፒን ነበራቸው፤ የዛሬዎቹ በአብዛኛው ኤቢኤስ ከሚባለው ጠንካራ ፕላስቲክ የሚሠሩ ናቸው። ቁሱ ይለወጥ እንጂ ፈተናው አንድ ነው፤ እያንዳንዱ መገጣጠሚያ በልጅ እጅ በቀላሉ መዞር፣ ሮቦቱ ሲቆም ደግሞ ክብደቱን ተሸክሞ አለመንሸራተት አለበት። ከዚህ በታች ያሉት ችግሮች አብዛኞቹ የሚመነጩት ከእነዚህ ሁለት ተቃራኒ ግዴታዎች ነው።

መኪናው አልገጥም ሲል

በሩ ወይም ጣሪያው ከፍ ብሎ ከቀረ፣ አብዛኛውን ጊዜ የተሰበረ ነገር የለም። ቀድሞ መታጠፍ የነበረበት ክንድ ወይም ጭንቅላት በግማሽ ዞሮ ውስጥ ቦታ ይዞ ቀርቷል ማለት ነው። ከላይ መጫን ክፍሎቹን የሚያያይዘውን ጉጥ (ቀዳዳ ውስጥ የሚገባውን ወጣ ያለ ጫፍ) ይቆርጠዋል። ወደ ሮቦቱ ቅርጽ ሙሉ በሙሉ ይመለሱና እያንዳንዱን ክፍል እስከ መጨረሻው እያዞሩ እንደገና ይጀምሩ። የመመሪያው ወረቀት ከጠፋ ትንንሾቹን ጉጦችና ቀዳዳዎች ፈልገው ያዛምዱ፤ የትኛው ክፍል በየትኛው ላይ እንደሚያርፍ የሚናገሩት እነርሱ ናቸው።

እግሩ ተልፈስፍሶ አልቆም ሲል

እዚህ ላይ መጀመሪያ የመገጣጠሚያውን ዓይነት መለየት ያስፈልጋል። ጫፉ ኳስ ሆኖ ጉድጓድ ውስጥ የሚገባ ከሆነ፣ የላላው ኳሱ በመፋተግ ስላለቀ ነው። ኳሱን አውጥተው ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም በስሱ ይቀቡት፤ አንድ ቀን ሙሉ ካደረቁት በኋላ ይሞክሩት፤ ካልበቃ ይድገሙት። ሱፐር ግሉ የሚጠቀሙ ካሉ ኳሱን ለብቻው ቀብተው ፍጹም ከደረቀ በኋላ ብቻ ይመልሱት፤ እርጥብ ሳለ ከገባ መገጣጠሚያው ለዘለዓለም ይጣበቃል።

ሲዞር «ቀጭ ቀጭ» የሚል ከሆነ ውስጡ ጥርስና ሞላ አለው፤ ቀለም አይረዳውም፤ ተከፍቶ ሞላው ከቦታው መውጣቱ ወይም ጥርሱ መበላቱ መታየት አለበት። በብሎን የተያዘ ከሆነ ደግሞ ሩብ ዙር ብቻ ማጥበቅ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ብሎን ሲመልሱ አንድ ልማድ ይያዙ፦ ካቻቪቴውን በመጀመሪያ ወደሚላላበት አቅጣጫ በቀስታ ያዙሩት፤ ብሎኑ ወደ አሮጌው ጥርስ ሲወድቅ ጣትዎ ላይ ትንሽ ዝቅ ማለት ይሰማዎታል፤ ማጥበቅ የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ያላደረገ ሰው ፕላስቲኩ ላይ አዲስ ጥርስ ይቆርጣል፤ ከሁለትና ሦስት ጊዜ በኋላ ቀዳዳው ምንም የማይዝ ባዶ ይሆናል።

አልዞር ሲልና ነጭ መስመር ሲታይ

በማጠፊያው ዙሪያ እንደ ፀጉር የቀጠነ ነጭ መስመር ከታየ፣ ፕላስቲኩ ከአቅሙ በላይ ተለጥጧልና መሰበሩ ቀርቧል። መንስኤው አንድም የጠበቀ ፒን፣ አንድም ቅዝቃዜ ነው፤ በደሴ ጥዋት ቀዝቅዞ ያደረ ፕላስቲክ ኮምቦልቻ ላይ ከዋለው ይልቅ ቶሎ ይነቃል። ባትሪና ተለጣፊ ከሌለው 50 ዲግሪ ገደማ በሞቀ ውኃ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ ይንከሩትና ቀስ ብለው ያዙሩት። ከምድጃ የወረደ የፈላ ውኃ ግን አይጠቀሙ፤ በከፍታችን ምክንያት ውኃ እዚህ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ቢሆንም፣ ይህም ቢሆን ቀጭን ክፍል ለማጣመም ይበቃል። ለማለስለስ የሲሊኮን ቅባት ጥቂት ጠብታ ይበቃል። የሞተር ዘይትና ዝገት ማላቀቂያ መርጪያ በተወጠረ ፕላስቲክ ላይ ስንጥቅ ሊያፋጥኑ ስለሚችሉ ወደ እርሱ ባይቀርቡ እመርጣለሁ።

ነጩ ሲቢጫ፣ ወርቃማው ሲፈረካከስ

ነጭ ፕላስቲክ በፀሐይ ይቢጫል። ከባሕር ወለል በ1,000 ሜትር ከፍ ባልን ቁጥር ፕላስቲክ የሚጎዳው ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር፣ 2,500 ሜትር አካባቢ ባለች ከተማ መጫወቻን መስኮት ላይ ማኖር አይመከርም። ከብረት ብናኝ ጋር ተቀላቅሎ የተሠራ፣ የወርቅ ቀለም ያለው አሮጌ ፕላስቲክ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ከዕድሜ ጋር ውስጡ ይሰባበራልና መፍትሔ የለውም። ሳያጥፉ በመደርደሪያ ያስቀምጡት።

መብራቱ ወይም ድምፁ ሲጠፋ

የባትሪ ድንጋይ ቤቱን ይክፈቱ። ነጭ ዱቄት ካለ ድንጋዩ ፈስሷል፤ ጓንት አድርገው ኮምጣጤ ወይም ሎሚ በነካ ጥጥ ይጥረጉት፤ ካደረቁ በኋላ አዲስ ያስገቡ። እንደ አዝራር ያለችው ትንሽ ባትሪ ከተዋጠች የሕፃንን ጉሮሮ በሰዓታት ውስጥ ስለምታቃጥል፣ ክዳኗ ያለ ብሎን የሚከፈት መጫወቻ ለታናናሾች አይሰጥ፤ ዋጠ ተብሎ ከተጠረጠረም ሳይዘገዩ ወደ ሆስፒታል መሄድ ነው።

ሲሰበር

ሙጫ ከመግዛትዎ በፊት የፕላስቲኩን ዓይነት ይወቁ። ከስብራቱ የወደቀች ቅንጣት ካለች ውኃ ውስጥ ይጣሏት። ከተንሳፈፈች ፖሊፕሮፒሊን ወይም ዘመዱ ናትና ተራ ሙጫ አይዛትም። ከሰመጠች በብርጭቆው ውስጥ አራት የሾርባ ማንኪያ ጨው አሟሙ፤ ኤቢኤስ ከሆነች ተመልሳ ትነሣለች። ታች ከቀረችና ስትዳሰስ እንደ ሳሙና የምትንሸራተት ከሆነ ፖሊአሴታል ልትሆን ትችላለች፤ እርሱም ሙጫ የማይቀበል ነው። ለመስታወት መሰል ክፍሎች ሱፐር ግሉ አይደረግ፤ ትነቱ ነጭ ጭጋግ ይተውባቸዋል።

ባለፈው ገና ሰሞን አንዲት እናት የልጇን ቀይ ጭነት መኪና ይዛልኝ መጣች፤ የሮቦቱ ቀኝ ትከሻ በፒኑ ዙሪያ ተሰንጥቆ ወድቋል። «ጋሼ፣ ትናንት ገዝቼለት ዛሬ ሰበረው» አለችኝ። ወደ ብርሃን አስጠግቼ ሳየው በግራው ትከሻ ላይም ያው ነጭ መስመር ነበረበት፤ ሁለቱም ትከሻ በአንድ ቀን የነቃ ከሆነ ፒኑ ለቀዳዳው ወፍሮ ነው የተገጠመው። «አብሽሪ እህቴ፣ የልጁ እጅ አይደለም፤ ፒኑ ነው» አልኳት፤ ልጁም ከቀሚሷ ጀርባ ብቅ አለ።

ቅንጣቷ በጨው ውኃ ስለተነሣች ኤቢኤስ ሳይሆን አይቀርም አልሁ። ከሌላ የተበላሸ ኤቢኤስ መጫወቻ የቆረጥኋቸውን ስብርባሪዎች ከእሳት ርቄ፣ መስኮት ከፍቼ፣ በመስታወት ብልቃጥ አሴቶን በተባለው አሟሚ ፈሳሽ ውስጥ አሳደርኳቸው፤ ጥዋት እንደ ማር ወፍረው ጠበቁኝ። አሴቶን የኤቢኤስን ገጽ ስለሚያሟሟ ሁለቱ ስብራቶች ይዋሃዳሉ፤ ሱፐር ግሉ ግን በመካከላቸው የሚቀር ጠንካራ ንጣፍ ሆኖ በጠመዘዙት ጊዜ ይነቀላል። ብቻውን ስለማይበቃ ከእያንዳንዱ ስብራት 1 ሚሊሜትር ቀዳዳ በእጅ መሰርሰሪያ በስቼ የወረቀት ክሊፕ ሽቦ ቆርጬ በመካከላቸው አስገባሁ፤ ከዚያም የወፈረውን ፈሳሽ ቀብቼ አጣበቅሁት። ወፍራሙን ፒን በጥሩ ብርጭቆ ወረቀት ከአንድ ጎን ቀጥ አድርጌ ፋቅሁ፤ የግራውንም ሳይሰበር አውጥቼ እንደዚያው አደረግሁ። ፈሳሹ እስከ ውስጥ እንዲደርቅ ትከሻው ለሁለት ቀን እንዳይዞር፣ እናትየውም ክንዱን በመኪና ቅርጽ በክር አስራ እንድታቆየው ነገርኳት።