በአሜሪካ የልጅዎን የእግር ኳስ ቡድን እንዴት ያሠለጥናሉ?

አሜሪካ ልጅ የሚያሳድግ ሰው ይህን ኢሜይል ያውቀዋል። የፎል ምዝገባ ካለቀ በኋላ ሊጉ ይጽፋል፦ «የልጅዎ ቡድን አሠልጣኝ የለውም። ፈቃደኛ ወላጅ ካለ ያሳውቀን።» ብዙዎቻችን አይተን እናልፈዋለን። «እኔ ኳስ ተጫውቼ አላውቅም» ወይም «እንግሊዝኛዬ አይበቃም» እንላለን። ሁለቱም ምክንያት አይሆኑም። የ7 ዓመት ልጆችን ለማሠልጠን የሚያስፈልገው ትዕግሥት፣ ትንሽ ዝግጅትና ዝም ማለት መቻል ነው። ይህ ጽሑፍ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰፈር ቡድን ለሚይዝ ወላጅ ነው።

መጀመሪያ ወረቀቱን ይጨርሱ

«እሺ» ብለው እንደመለሱ ሊጉ የባክግራውንድ ቼክ ቅጽ ይልክልዎታል። ቀጥሎ ሴፍስፖርት የሚባል ልጆችን ከጥቃት ስለመጠበቅ የሚያስተምር የኦንላይን ኮርስ አለ። በ2018 ከወጣ የፌዴራል ሕግ ጋር የተያያዘ ነው። ስለ ጭንቅላት ጉዳት ደግሞ ሲዲሲ፣ ማለትም የአገሪቱ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል፣ ያዘጋጀውን ነፃ ትምህርት ይወስዳሉ። ዩ.ኤስ. ሶከር፣ ማለትም የአገሪቱ እግር ኳስ ፌዴሬሽን፣ ለጀማሪ አሠልጣኞች አጭርና ነፃ የመግቢያ ኮርስ አለው። ልጆቹ ከተኙ በኋላ በአንድ ማታ ያልቃል።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ አንዱን አጥብቀው ይያዙ፦ የራስዎ ካልሆነ ልጅ ጋር ብቻዎን አይቅሩ። ልምምድ አልቆ የአንዱ እናት ብታረፍድ፣ ሌላ ወላጅ አብሮዎት እንዲቆይ ይጠይቁ። እኛ ዘንድ የጎረቤት ልጅ የራስ ልጅ ነው፤ መኪና ውስጥ አስገብቶ ቤቱ ማድረስ ደግነት ነው። እዚህ ግን ደንቡ አይፈቅድም። ደንቡ ልጁንም እርስዎንም የሚጠብቅ ስለሆነ ቅር አይበልዎት።

ሕጉን ይወቁ

እኛ ያደግንበት ኳስና የአሜሪካ ልጆች ኳስ አንድ አይደለም። ከ2017 ጀምሮ ዩ.ኤስ. ሶከር በየዕድሜው የተጫዋች ቁጥር ወስኗል። እስከ 8 ዓመት 4 ለ4 ነው፣ በረኛ የለም፤ ኳሱም ትንሹ ቁጥር 3 ነው። 9 እና 10 ዓመት ላይ 7 ለ7፣ 11 እና 12 ላይ 9 ለ9 ይሆናል። 11 ለ11 የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። በትልቅ ሜዳ ላይ 22 ልጅ ቢያሰልፉ፣ ሦስቱ ጠንካሮች ሲጫወቱ ሌሎቹ ሣር ይነቅላሉ። 4 ለ4 ሲሆን ግን የሚደበቅ ልጅ የለም። ዓይን አፋሩም ኳሱ ይደርሰዋል።

ቴስታ 10 ዓመትና ከዚያ በታች ለሆኑ ልጆች ክልክል ነው። ፌዴሬሽኑ ይህን ያሳወቀው በ2015 ነው። ቤት ውስጥም «በቴስታ ምታው» እያሉ አያለማምዱ።

ልምምዱን እንዲህ ያካሂዱት

ለዚህ ዕድሜ አንድ ሰዓት ይበቃል። ሰልፍ አይሥሩ፣ ሜዳ አያዞሩ፣ ረጅም ንግግር አያድርጉ። የ7 ዓመት ልጅ ሰልፍ ላይ ቆሞ ተራውን ሲጠብቅ የሚማረው ጓደኛውን መግፋት ብቻ ነው። ዩ.ኤስ. ሶከር የሚመክረው አካሄድ ጨዋታ፣ ልምምድ፣ ጨዋታ ነው። እኔም ከዚህ የተሻለ አላየሁም።

ልጆቹ ከመምጣታቸው በፊት ደርሰው በኮን ሁለት ትናንሽ ሜዳዎች ይሥሩ፤ ርዝመታቸው ወደ 20 እርምጃ ቢሆን ይበቃል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ልጆች እንደደረሱ 1 ለ1 ይጀምሩ። ሦስተኛው ሲመጣ 2 ለ1፣ አራተኛው ሲመጣ 2 ለ2 እያለ ይቀጥላል። «ሁሉም ይምጣና እንጀምራለን» ማለት የለም። ያረፈደው ልጅ ጓደኞቹ ሲጫወቱ ካየ በሚቀጥለው ሳምንት ወላጁን እሱ ያጣድፋል።

ከ20 ደቂቃ በኋላ አንድ ነገር ብቻ ያስተምሩ። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ኳስ መንዳት ላይ ይሁኑ። ልጆቹ የሚወዱት የሻርክ ጨዋታ አለ። 20 በ20 እርምጃ የሆነ አራት ማዕዘን ይሥሩ። ሁሉም ልጅ ኳስ ይይዛል፤ ሁለቱ ብቻ ያለ ኳስ ሻርክ ይሆናሉ። ኳስ የያዙት ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ይሻገራሉ፤ ኳሱ የተነጠቀበት ልጅ ሻርክ ይሆናል። ታዲያ ሁሉንም አስቁመው አያስተምሩ። አጠገቡ ሄደው ለአንዱ ልጅ ብቻ ይንገሩት። ለምሳሌ ኳሱን ራቅ አድርጎ እየመታ የሚነጠቅ ልጅ አለ። «ትንሽ ትንሽ ንካው» ከማለት «ሻርኩ በዚህ በኩል ቢመጣ ኳሱን በየትኛው እግርህ ትይዘዋለህ?» ብለው ይጠይቁት። ቆም ብሎ ያስባል። በሚቀጥለው ዙር ኳሱን ከሻርኩ ራቅ ወዳለው እግሩ ሲያዞር ያዩታል። ይህን ራሱ ያገኘው ስለሆነ አይረሳውም።

አብዶ ልሥራ ብላ የተነጠቀች ልጅ ካለች ያድንቋት። «ፓስ ስጪ እንጂ!» የሚለውን ለሌላ ዓመት ያቆዩት። አሁን ኳስ መያዝን ከፈራች 13 ዓመቷ ላይ ድፍረቷን ማንም አይመልስላትም። በዚህ ጉዳይ ላይ ድርድር ያለ አይመስለኝም።

የመጨረሻውን 20 ደቂቃ 4 ለ4 ያጫውቷቸውና ዝም ብለው ይመልከቱ።

መብረቅ በሚበዛባቸው ወራት አንድ ነገር ይጨመር፦ ነጎድጓድ ከሰሙ ሁሉም ከሜዳ ይውጣ። የመጨረሻው ድምፅ ከተሰማ 30 ደቂቃ ሳይሞላ አይመለሱም።

የጨዋታ ቀን

ቅያሪውን ማታ ቤት ሆነው ወረቀት ላይ ይጻፉት። 7 ልጆች አሉዎት እንበል። ጨዋታው 4 ጊዜ 10 ደቂቃ ነው። በየ5 ደቂቃው ከቀየሩ 8 ፈረቃ ይሆናል፤ በእያንዳንዱ 4 ልጅ ሲገባ 32 ቦታ አለዎት። ሁሉም 4 ጊዜ ይገባል፣ አራቱ ልጆች ደግሞ አንዳንድ ይጨመርላቸዋል። በሚቀጥለው ሳምንት ተጨማሪው መጀመሪያ ለቀሩት ሦስቱ ይሁን። በ1964 ካሊፎርኒያ ውስጥ የተመሠረተው የልጆች እግር ኳስ ድርጅት ኤ.ዋይ.ኤስ.ኦ እያንዳንዱ ልጅ ቢያንስ የጨዋታውን ግማሽ እንዲጫወት ያስገድዳል። ሊግዎ ባያስገድድም እርስዎ ይህን ያድርጉ። ወረቀቱ ከሌለ፣ ቡድኑ ሲመራ ጎበዙን ልጅ ማስወጣት እጅ ላይ ይከብዳል።

ወላጆችን በተመለከተ ከመጀመሪያው ጨዋታ በፊት አጭር መልእክት ይላኩ፦ ማጨብጨብ ይቻላል፣ መመሪያ መስጠት አይቻልም። የእኛ ሰው ልጁን ስለሚወድ ሜዳ ዳር ቆሞ «ምታው! አውጣው! ልቀቀው!» ይላል። ልጁ ግን በአንድ ጊዜ የአባቱን፣ የእናቱንና የአሠልጣኙን ድምፅ ይሰማል። ከዚያ ኳሱን ትቶ ወደ ዳር ማየት ይጀምራል። መኪና ውስጥም ጨዋታውን አይተንትኑ። ምን መብላት እንደሚፈልግ ይጠይቁት።

ትራቭል ቡድን መቼ?

ልጁ 8 ወይም 9 ዓመት ሲሆን ሌሎች ወላጆች ስለ ትራይአውት፣ ማለትም ክለብ ልጆችን ፈትኖ ስለሚመርጥበት ቀን፣ ማውራት ይጀምራሉ። ትራቭል ቡድን፣ ማለትም ተመርጠው ወደ ሌላ ከተማ እየሄዱ የሚወዳደሩ ልጆች ቡድን፣ በዓመት በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ሊያስወጣ ይችላል። «ካልገባ ይቀድሙታል» የሚለውን ጭንቀት አውቀዋለሁ። ግን ናኦሚ ግርማን ይመልከቱ። ከኢትዮጵያውያን ወላጆች ሳን ሆዜ የተወለደችው ናኦሚ ኳስ የጀመረችው አባቷና ጓደኞቹ ባቋቋሙት ማለዳ በሚባል ስብስብ ነው። ቅዳሜና እሁድ ቤተሰብ ይሰበሰባል፣ ሥጋ ይጠበሳል፣ ልጆቹ ይጫወታሉ። በ2022 በአሜሪካ የሴቶች ሊግ ድራፍት፣ ማለትም ክለቦች አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ በሚመርጡበት፣ አንደኛ ሆና ተመረጠች፣ በ2024 ፓሪስ ላይ የኦሊምፒክ ወርቅ አገኘች። በ2025 ቼልሲ ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከፍሎ ሲወስዳት ይህን ያህል የተከፈለባት የመጀመሪያዋ ሴት ተጫዋች ሆነች። ሁሉም ልጅ ናኦሚ አይሆንም። ግን በትንሽነቷ ያገኘችውን ጨዋታ ለማንኛውም ልጅ መስጠት ይቻላል፤ ያውም ብዙ ሳይከፈል።

ልጁ ራሱ «ሌላ ልምምድ የለም?» እያለ ከጠየቀ ያን ጊዜ ክለብ ይፈልጉ። የዕድሜ ክፍሉን ያጣሩ፦ ከ2026–27 ጀምሮ ብዙ ሊጎች ዕድሜን የሚቆጥሩት ከጃንዋሪ 1 ሳይሆን ከኦገስት 1 ነው። ክለቡን ሲያናግሩ ስንት ዋንጫ እንዳለው አይጠይቁ። የዚህን ዕድሜ ቡድን የሚያሠለጥነው ማን ነው? ምን ላይሰንስ አለው? ተጠባባቂ ልጅ ስንት ደቂቃ ይጫወታል? ከምዝገባው ውጭ ማሊያው፣ ውድድሩና ሆቴሉ ተደምሮ ስንት ይመጣል? በመጨረሻም ስለ ክፍያ ድጋፍ ይጠይቁ። ብዙ ክለቦች ገቢው አነስ ላለ ቤተሰብ ድጋፍ አላቸው፤ እኛ ግን አፍረን ሳንጠይቅ እንቀራለን። ማመልከቻውን ከትራይአውት በፊት ይጠይቁ፣ ቀኑንም ይጻፉት።