ፊደሎቼ የጥያቄ ምልክት በሆኑ ጊዜ

ደሴ ተቀምጬ ስለ ባቲና አምባሰል ቅኝቶች ለዓመታት የጻፍኩትን ሁሉ ወደ አዲስ የብሎግ መድረክ ሳዛውር፣ ገጾቹ በጥያቄ ምልክት ተሞልተው አገኘኋቸው። ደነገጥኩ።

ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ ጽሑፎቹ የሚቀመጡበትን የመረጃ ቋት (ማይኤስኪውኤል በሚባለው ሶፍትዌር የሚሠራውን) ያሰናዳሁት ለላቲን ፊደል ብቻ ነው። የእኛ እያንዳንዱ ፊደል የዓለምን ፊደላት በኮምፒውተር ለማስቀመጥ በሚያገለግለው ሥርዓት፣ በዩቲኤፍ-8፣ ሦስት ባይት (የማከማቻ መለኪያ) ይይዛል፤ ቋቱ ሊያስቀምጠው ሲያቅተው በ«?» ይተካዋል። የተተካው አይመለስም፤ እርሱን ለመጠገን አትድከሙ። የሚታየው የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ቢሆን ኖሮ ግን ብዙውን ጊዜ ጽሑፉን ማዳን ይቻላል።

ቋቱን ማይኤስኪውኤል ሙሉውን ዩቲኤፍ-8 ወደሚይዝበት ቅንብር፣ ወደ ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 ቀየርኩ፤ የተበላሸውን ሰርዤ ከመነሻው ፋይል እንደገና አስገባሁ። «አንቺ ሆዬ» የሚለው ርዕስ ጥርት ብሎ ሲነበብ እንባዬ መጣ። የድሮዎቹን አድራሻዎች በ301 (ገጹ በቋሚነት መዛወሩን ለአሳሹ በሚነግረው ኮድ) ወደ አዲሶቹ መራሁ። አሮጌውን ብሎግ የዘጋሁት እያንዳንዱን ገጽ በዓይኔ ካየሁ በኋላ ነው።